ስለ «ዜሮ»ና «ምናባዊ» ስለ ተባለው ቁጥር ስያሜ

አንድ የኤሌክትሪክ ትምህርት መጽሐፍ ረቂቅ ትርጉም ለስያሜ ምርመራ በቀረበልን ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ቆም ለማለት ተገደድን። በመጀመሪያው ቦታ ተርጓሚው «ዜሮ»ን በ«ምንም» ተክቶ «የፈሳሹ ሙቀት ምንም ዲግሪ በሚሆንበት ጊዜ» የሚል ዐረፍተ ነገር ጽፏል። በሁለተኛው ቦታ የአውሮፓ ቋንቋዎች «በምናብ ያለ» በሚል ፍች የሚጠሩትን የኤሌክትሪክ ኃይል ክፍል «የሌለው ክፍል» ብሎታል። ተርጓሚው ቸልተኛ ሰው አልነበረም፤ ረቂቁ በአመዛኙ የተጣራና ለዛ ያለው ነበር። የተሳሳተው ስሙን አምኖ፣ ስሙ የሚለውን በታማኝነት ወደ አማርኛ በመመለሱ ነው።

ሁለቱ ስሕተቶች የተራራቁ ይመስላሉ፤ ምንጫቸው ግን አንድ ነው። ዜሮም ሆነ ምናባዊ የተባለው ቁጥር ስም የወጣላቸው ምንነታቸው ተጣርቶ ከመታወቁ በፊት ነው። ምንነታቸው ከታወቀ በኋላም የቀድሞው ስም አልተለወጠም። የሒሳብ ሊቅ ብያኔውን ስለሚያውቅ በስሙ አይሳሳትም። የሚሳሳተው ስሙን ብቻ የሚያገኘው ሰው ነው፤ እርሱም ተማሪው፣ ተርጓሚው፣ አንዳንድ ጊዜም መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ራሱ ነው። ስለዚህ እነዚህ ስያሜዎች በአማርኛ ከመጽናታቸው በፊት ምን ይዘው እንደሚመጡ መመርመር ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪክ ዓመቶች የተሰጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ምንም፣ ባዶ፣ ዜሮ

አማርኛ አለመኖርን የሚገልጸው በግሥ ነው። «አንድም ሰው አልመጣም»፣ «ገንዘብ የለኝም» እንላለን እንጂ «ዜሮ ሰው መጣ»፣ «ዜሮ ገንዘብ አለኝ» አንልም፤ ቢባልም ለቀልድ ነው። አሉታው በግሡ ላይ ስለሚያርፍ በስሙ ላይ የቁጥር ቃል መጨመር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ «ተማሪው በፈተናው ዜሮ አገኘ» ስንል ግሡ አዎንታዊ ነው፤ ተማሪው ያገኘው ነገር አለ። በፈተናው ዕለት የቀረው ጓደኛው ግን ዜሮ አላገኘም፤ ውጤት የለውም። በመምህሩ መዝገብ የአንደኛው ሣጥን 0 ሲጻፍበት የሁለተኛው ባዶውን ይቀመጣል። የክፍሉ አማካይ ውጤት ሲሰላ 0 ያገኘው ይቆጠራል፤ የቀረው አይቆጠርም። ይህን ልዩነት የሚስት መምህር የለም፤ የሚስተው ስለ ዜሮ የሚጽፈው ሰው ነው። እንግዲህ «ዜሮ ማለት ምንም ማለት ነው» የሚለው የተለመደ አባባል በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ ሰዋስው ሚዛንም ስሕተት ሆኖ ይገኛል።

«ባዶ» ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ባዶ የሚባለው መያዣ ነው፤ እንስራ፣ ኪስ፣ ቤት። በዚህ የተነሣ በሒሳብ «ባዶ ስብስብ» የሚለው ስያሜ የተዋጣ ነው፤ ስብስብ መያዣ ነውና። የባዶው ስብስብ አባላት ብዛት ግን ባዶ ሳይሆን ዜሮ ነው። ዜሮን ብቻ የያዘ ስብስብም ባዶ አይደለም፤ አንድ አባል አለው፣ አባሉም ዜሮ ነው። «ባዶ»ን ለሁለቱም የተጠቀመ ተርጓሚ እዚህ ላይ «ባዶን የያዘ ስብስብ ባዶ አይደለም» የሚል እንቆቅልሽ ይገጥመዋል። የስፖርት ዘጋቢዎች «ሁለት ለባዶ» ሲሉ ግን ነቀፌታ የለንም፤ የሚታያቸው የግብ ቋት ነው፣ ማንንም አያሳስትም።

ወደ ረቂቁ «ምንም ዲግሪ» እንመለስ። በሴልሺየስ መለኪያ ዜሮ በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ ስም እንጂ የሙቀት አለመኖር አይደለም። ከእርሱ በታች ገና 273.15 ዲግሪ ይወረዳል። በዚህ መለኪያ ትናንት 10፣ ዛሬ 20 ዲግሪ ቢሆን «ሙቀቱ እጥፍ ሆነ» ማለት የማይቻለውም ስለዚህ ነው፤ ቁጥሩ የተቆጠረው ሰዎች ከመረጡት መነሻ እንጂ ከሙቀት ፍጹም አለመኖር አይደለም። አንድ ዜሮ የብዛት ስም ይሆናል፤ ሌላው የመነሻ ስም። ሦስተኛም አለ፤ እርሱም የምልክት ሥራ ነው። የስልክ ቁጥር ሲጀምር ያለው 0 ብዛትም መነሻም አይነግረንም፤ ይሁንና ቢተው ደዋዩ ያሰበው ቤት አይደርስም። ለዚህ አማርኛ የሰጠን መለያ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ምልክቱን አኃዝ፣ ምልክቱ የሚወክለውን ቁጥር እንላለን። «የስልክ ቁጥር» የሚባለው በዚህ አከፋፈል የአኃዞች ተርታ እንጂ ቁጥር አይደለም፤ ማንም አይደምረውም፣ አያባዛውም። ልማዱን ለመለወጥ ግን ማሰብም አይገባም።

«ዜሮ» የሚለው ቃል ራሱ ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው የደረሰን። በሳንስክሪት «ሹንያ» ባዶ ማለት ነው። ዐረቦች ይህን በራሳቸው ቋንቋ ባዶ ማለት በሆነው «ሲፍር» ተረጐሙት። ሊዮናርዶ ፊቦናቺ በ1202 ባዘጋጀው የሒሳብ መጽሐፍ «ዜፊሩም» የሚል የላቲን መልክ ሰጠው፤ ከዚያም በኢጣልያንኛ «ዜሮ» ሆነ። ያው «ሲፍር» በሌላ በኩል ዞሮ በኢጣልያንኛ «ቺፍራ»፣ በፈረንሳይኛ «ሺፍር» ተብሎ ማንኛውንም አኃዝ የሚያመለክት ቃል ሆኗል። የባዶ ስም የነበረው ቃል የአኃዝ ሁሉ ስም ሆነ ማለት ነው። ወደ እኛ በመጣ ጊዜ «ዜሮ» ፍቹን ሁሉ በመንገድ ጥሎ ነበር፤ አማርኛ ተናጋሪ ቃሉን ሲሰማ ባዶነት ትዝ አይለውም። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ቃሉን እንደ ባዕድ ያዩታል። በእኛ አስተያየት ግን ትልቁ በጎነቱ ይኸው ነው፤ ፍች ይዞ ስላልመጣ አያሳስትም።

የአገራችን «አልቦ»

በ«ዜሮ» ምትክ «አልቦ» ይግባ የሚል ሐሳብ ተደጋግሞ ይቀርባል። ሐሳቡ ያለ መሠረት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ደጋፊዎቹ ከሚያውቁት የበለጠ መሠረት አለው። ነገር ግን በቅድሚያ አንድ የተንሰራፋ አስተያየት መነሣት ይገባዋል።

የግእዝ አኃዝ ሃያ ምልክቶች አሉት፤ ዘጠኝ ለነጠላው ቤት፣ ዘጠኝ ለዐሥሩ ቤት፣ አንድ ለመቶ፣ አንድ ለእልፍ። ዜሮ የለውም። ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች «አባቶቻችን ዜሮን አያውቁም ነበር» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ምልክት ቀርጸን እናሟላው» ይላሉ። ሁለተኞቹ በቅን ልቡና ቢናገሩም የሳቱት ከፊተኞቹ ጋር አንድ ነገር ነው። ሁለት መቶ አምስትን በግእዝ አኃዝ ፪፻፭ ብለን ስንጽፍ የምንጽፈው በአፍ እንደምንለው ነው፤ «ሁለት፣ መቶ፣ አምስት»። በመካከል «ዜሮ ዐሥር» የሚል ተናጋሪ የለም። በ205 ውስጥ 0 ያስፈለገው የ2 ዋጋ በተቀመጠበት ቦታ ስለሚወሰን፣ ቦታው ባዶ ሲሆን ጠባቂ ስለሚሻ ነው። በግእዝ አኃዝ ቤቱ ራሱ ስም አለው፤ መቶው ፻ ተብሎ ስለ ተጠራ ጠባቂ አያሻም። ዜሮ ቢጨመርለት ከ፲ እስከ ፺ ያሉት ምልክቶች ሁሉ ሥራ ፈት ይሆናሉ፤ ይህ ደግሞ ማሟላት ሳይሆን የቀድሞውን አፍርሶ ሌላ ሥርዓት ማቆም ነው። በ1999 የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባም የገቡት እነዚሁ ሃያዎቹ ናቸው።

የምልክት አለመኖር የነገሩ አለመኖር ማስረጃ እንዳልሆነ ለቋንቋ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ፊደላችን ለጥብቀት ምልክት የለውም። «አለ» ብለን ስንጽፍ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» በጽሑፉ ላይ አይታይም። አማርኛ ጥብቀት የለውም የሚል ሰው ግን አናውቅም።

እንዲያውም ሊቃውንቱ ዜሮን በሥራ ላይ ያዋሉበት ቦታ አለ፤ እርሱም ባሕረ ሐሳብ ነው። ምሳሌው ዝርዝር ስለሆነ አንባቢን በትዕግሥት እንዲከተለን እንጠይቃለን። የ2006 ዓ.ም. በዓላትና አጽዋማት ሲወጡ 5500 በ2006 ላይ ተደምሮ ዓመተ ዓለሙ 7506 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ይህም መደብ ነው። ከመደቡ አንድ ሲነሣ ወንበር ይገኛል። ከአንድ አንድ ሲነሣ የቀረው አልቦ ነው። ስሌቱ ግን በዚህ አይቆምም። አበቅቴን ለማግኘት ወንበሩ በ11 ይባዛል፤ አልቦ በ11 ተባዝቶ አልቦ፣ ስለዚህ የዓመቱ አበቅቴ አልቦ ነው። መጥቅዕን ለማግኘት ወንበሩ በ19 ይባዛል፤ ይህም አልቦ ይወጣል። የዓመቱ መጥቅዕ ግን አልቦ አይባልም፤ 30 ይባላል። ከ2006 በኋላ ይኸው ሁኔታ የሚደገመው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ2025 ዓ.ም. ነው።

ከአንድ ወንበር የወጡ ሁለት አልቦዎች አንዱ አልቦ ተብሎ ሲቀር ሌላው ስለ ምን 30 ይባላል? አበቅቴ ትርፍ ነው፤ ትርፍ ደግሞ ላይኖር ይችላል። መጥቅዕ ግን ዕለት ያወጣል፤ በዓለ መጥቅዕ በዚያ ቁጥር ከሚጠራው ቀን ይውላል። ከወር ቀናት መካከል «መስከረም አልቦ» የሚባል የለምና በዓሉ መስከረም 30 ይውላል፤ በ2006 ዓ.ም. ሐሙስ ቀን ነበር። ብዛትን የሚነግር ቁጥር ከዜሮ መጀመር ይችላል፤ ተራን የሚነግር ቁጥር ግን ከአንድ ይጀምራል። ይህን መለያ ባሕረ ሐሳብ ሳይሰብክ ይሠራበታል። በምዕራቡም ዲዮናስዮስ ትንሹ በ525 ባዘጋጀው የፋሲካ ሠንጠረዥ የመጀመሪያው ዓመት አበቅቴ ቁጥር የለውም በማለት በላቲን «ኑላ» ተብሏል። የሮማውያንም አኃዝ እንደ ግእዙ ዜሮ እንደሌለው ይታወቃል፤ ቀማሪው በቃል ተጠቀመ እንጂ ስሌቱ አልቆመበትም።

ይኸው ሕግ ስለ ዓመት የሚነሣውን ክርክር ይፈታል። ዓመት የሚጠራው በተራ ስለሆነ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1 ከሚባለው ዓመት ቀጥሎ የሚመጣው ከልደት በኋላ 1 ነው፤ በመካከል ዜሮ ዓመት የለም። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ለስሌት ሲመቻቸው አንድ ዜሮ ዓመት ያስገባሉ፤ የእነርሱ ዓመት የመነሻ ዜሮ ያለው መለኪያ ሆኗልና። በአገራችን ሁለት ሺሁ ዓመት መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በደመቀ ሁኔታ ሲከበር የተፈጸሙት ዓመታት 1999 ነበሩ። በዓሉን አንነቅፍም፤ ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ሲታይ ሰው ሁሉ ይደሰታል።

እንግዲህ «አልቦ» ለዜሮ ስም ይሁን? በግእዝ «ቦ» አለ፣ ይገኛል ማለት ነው፤ «አልቦ» የለም። በአመጣጡ ስም ሳይሆን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የሚለውም ከላይ ስሕተት ነው ያልነውን፣ «የለም» የሚለውን ነው። በባሕረ ሐሳብ ቦታው ትክክል ነው፤ «አበቅቴ የለም» ማለት እውነት ነውና። ሙቀቱ «አልቦ ዲግሪ» ሲባል ግን ወደ «ምንም ዲግሪ» እንመለሳለን። ቃሉን የምንሻው ለሌላ ሥራ ነው። የሰዋስው ሊቃውንት አንድ ቦታ ላይ መኖር የሚገባው ቅርጽ ሳይታይ ሲቀር፣ አለመታየቱ ራሱ ትርጉም ሲሰጥ፣ ለዚያ ስም ያስፈልጋቸዋል። «ቤቶች» ብዙ መሆኑን በ«ኦች» ይናገራል፤ «ቤት» አንድ መሆኑን የሚናገረው ምንም ባለመጨመሩ ነው። ለዚህ «አልቦ ምዕላድ» ከሚለው የተሻለ ስያሜ አላገኘንም። የሕንዱ ሰዋስዋዊ ፓኒኒ ይህን አለመታየት በስም ለይቶ ሕግ ያወጣለት ብራህማጉፕታ የዜሮን የስሌት ሕግ በ628 ከመጻፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነበር። የኛ ሙያ ከሒሳብ የቀደመበት ቦታ ብዙ ስላልሆነ ይህን ማንሣታችን ይቅር ሊባል ይገባል።

ተጋማሽነትና ማካፈል

ዜሮ ተጋማሽ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ የሚያስቸግረው «ሙሉ» እና «ጎዶሎ» በሚሉት ስሞች ለሚያስብ ሰው ነው፤ ዜሮ እንዴት «ሙሉ» ይሆናል? «ተጋማሽ» እና «ኢተጋማሽ» የሚሉት የመማሪያ መጻሕፍት ስያሜዎች ግን መልሱን በውስጣቸው ይዘዋል። ዜሮ ለሁለት እኩል ሲከፈል ለያንዳንዱ ዜሮ ይደርሳል፤ የተሰበረ የለም፤ ስለዚህ ተጋማሽ ነው። ጥሩ ስያሜ ክርክር እንዲህ ያሳጥራል።

ማካፈል ግን አጭር አይደለም። ዐሥራ ሁለትን ለዜሮ ማካፈል «ክልክል ነው» የሚል አነጋገር በክፍል ውስጥ ይሰማል። ክልከላ የሚከለክል አካል ያለ ያስመስላል፤ የሌለው ግን መልሱ ነው። 12 ለ3 ሲካፈል 4 የሚሆነው 4 በ3 ተባዝቶ 12 ስለሚመልስ ነው። በዜሮ ተባዝቶ 12 የሚመልስ ቁጥር የለም። «ወሰን የለሽ ይሆናል» የሚሉም አሉ፤ ወሰን የለሽም ቢሆን በዜሮ ተባዝቶ 12 አይመልስም። ዜሮን ለዜሮ ማካፈል ደግሞ የተለየ ነው፤ ማንኛውም ቁጥር በዜሮ ሲባዛ ዜሮ ስለሚመልስ ሁሉም መልስ ይሆናል። ብራህማጉፕታ ራሱ ይህን መልሱ ዜሮ ነው ብሎ ነበር፤ ስለዚህ ጀማሪ ቢሳሳት አይፈረድበትም። በመጀመሪያው መልስ የለም፤ በሁለተኛው መልሱ በዛ። ሁለቱን «ያልተወሰነ» በሚል አንድ ቃል የተረጐሙ ጽሑፎች አይተናል፤ ይህ መታረም አለበት። መልስ ለሌለው «ያልተበየነ»፣ መልሱ ለበዛው «የማይወሰን» እንዲባል እንመክራለን።

«ምናባዊ» የተባለው ቁጥር

ከዜሮ ይልቅ በስሙ የተበደለው ይህ ነው። በ1545 ኢጣልያዊው ካርዳኖ «ዐሥርን ለሁለት ክፈል፤ ክፍሎቹ ሲባዙ 40 ይሁኑ» የሚል ጥያቄ አነሣ። እንዲህ ያለ ክፍያ በተለመዱት ቁጥሮች የለም፤ ዐሥር እኩል ተከፍሎ እንኳ ብዜቱ ከ25 አያልፍም። ካርዳኖ ግን የአሉታዊ ቁጥርን ዳግም ዘር፣ ማለትም ራሱን በራሱ ሲያባዙት አሉታዊ የሚሰጥ ቁጥርን፣ እንዳለ አድርጎ ቢይዝ ስሌቱ እንደሚሠራ አየ፤ ረብ አለው ብሎ ግን አላመነም። በ1572 ቦምቤሊ የተባለ ሌላ ኢጣልያዊ ነገሩን አጠነከረው። ሦስት ጊዜ በራሱ የተባዛ ቁጥር ከቁጥሩ 15 እጥፍና ከ4 ድምር ጋር እኩል ይሆናል፤ ቁጥሩ ማን ነው? መልሱ 4 ነው፤ 64 ከ60ና ከ4 ድምር ጋር እኩል ነውና። በዘመኑ የታወቀው ቀመር ግን ወደዚህ ቀላል መልስ የሚደርሰው በአሉታዊ 121 ዳግም ዘር በኩል አልፎ ነው። ቦምቤሊ በዚያ መንገድ ሄዶ እንግዳዎቹ ቁጥሮች መጨረሻ ላይ እርስ በርስ ሲጣፉና 4 ብቻዋን ስትቀር አሳየ። የሌለ ድልድይ ወንዝ አያሻግርም።

ስሙን ያወጣው ዴካርት ነው። በ1637 የእኩልታ ዘሮችን ለሁለት ከፍሎ አንዳንዶቹ እውነተኛ፣ ሌሎቹ ግን በሐሳብ ብቻ ያሉ ናቸው አለ። ይህ ብያኔ ሳይሆን ጥርጣሬ ነበር፤ ጥርጣሬው ግን ስም ሆኖ ቀረ። ዐረብኛው በ«ኸያል» ሥር ላይ ተመሥርቶ «ተኸዩሊ» ይለዋል። ቻይንኛና ጃፓንኛ ደግሞ «ባዶ ቁጥር» የሚል ፍች ባለው ቃል ጠርተውታል፤ በዚህም የዜሮ የቀድሞ ስም ለማይመለከተው ለሌላ ቁጥር ተሰጠ።

ነገሩ ራሱ ምንድን ነው? ለዚህ ትምህርት ቤት ሰልፍ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ትእዛዝ ይበቃል። ወደ ፊት አንድ እርምጃ 1 ይሁን። በአሉታዊ 1 ማባዛት «ወደ ኋላ ዙር!» ማለት ነው፤ ፊት የነበረው ኋላ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ቢታዘዝ ሰልፈኛው ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ አሉታዊ በአሉታዊ ተባዝቶ አዎንታዊ መስጠቱም ይኸው ነው። አሁን፣ ሁለት ጊዜ ሲታዘዝ «ወደ ኋላ ዙር»ን የሚሰጥ ትእዛዝ አለ ወይ? አለ፤ «ወደ ግራ ዙር!» ነው። ስለዚህ የአሉታዊ 1 ዳግም ዘር ሩብ ዙር ነው። «ወደ ቀኝ ዙር»ም ሁለት ጊዜ ሲታዘዝ እንደዚያው ያደርጋል፤ ዳግም ዘሮቹ ሁለት የሆኑትም ስለዚህ ነው። በመስመሩ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ለሚመለከት ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር የለም፤ ሜዳውን ለሚመለከት ሰው ግን ሞልቷል። ኖርዌያዊው ቬሰል በ1799፣ አርጋን በ1806 በታተሙ ጽሑፎች ይህን የመዞር ፍች አሳዩ። ጋውስ በ1831 ጥፋቱ የነገሩ ሳይሆን የስያሜው መሆኑን ገልጾ ቀጥተኛ፣ ተገላቢጦሽና ጎናዊ የሚሉ ስሞች ቢሰጡ ኖሮ ጨለማው ባልኖረ ነበር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ግን 194 ዓመት ዘግይቶ ነበር።

በአማርኛ እስካሁን የተሞከሩትን ስያሜዎች እንመርምር። «የፈጠራ ቁጥር» የፈጠራ ወሬንና የፈጠራ ክስን ያስታውሳል፤ ይቅር። «ሐሳባዊ ቁጥር»ን ይህ ጸሐፊ ራሱ በአንድ ወቅት ደግፎ ነበር፤ አሁን ትቶታል። ቃሉ በፍልስፍና ለሌላ ጽንሰ ሐሳብ ተይዟል፤ ከዚህም ሌላ ቁጥር ሁሉ ሐሳባዊ ነው፤ ሦስትን በመንገድ ያገኘ ሰው የለም፤ ያገኘው ሦስት በግ ነው። «ምናባዊ ቁጥር» ከሁሉ የተሻለ ድምፅ አለው፤ ሥነ ጽሑፍ ምናብን አክብሮ ይዞታልና። ሆኖም ዛሬ በኮምፒዩተር ዓለም በአካል ለሌለ ነገር ሁሉ መጠሪያ እየሆነ ስለ መጣ፣ የዴካርትን ጥርጣሬ አድሶ ያመጣዋል።

ጥርጣሬው ምን እንደሚያደርስ ረቂቁ ራሱ ያሳያል። አቅጣጫውን እየለዋወጠ የሚፈስ ኮረንቲ በጥቅልል ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ይገጥመዋል እንበል፤ አንዱ 3 ኦም፣ ሩብ ዙር የዞረው ሌላው 4 ኦም። ሁለቱ ቀጥ ባለ ማእዘን ስለሚገናኙ ጠቅላላው 7 ሳይሆን 5 ኦም ነው። መስመሩ 220 ቮልት ቢሆን 44 አምፔር ያልፋል። ለሥራ የሚውለው ኃይል 5808 ዋት ነው። አሁን «የሌለው ክፍል» የሚለውን ያመነ ሠራተኛ ዋቱን ብቻ ይዞ ለ220 ቢያካፍል 26.4 አምፔር ያገኛል፤ ሽቦውንም ለዚያ ይመርጣል። በሽቦው የሚያልፈው ግን 44 ነው፤ የሚፈጠረው ግለትም ካሰበው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። የለም የተባለው ክፍል ሽቦውን ያቃጥለዋል።

ስለዚህ ጋውስ ዘግይቶ ያቀረበውን እኛ ሳንዘገይ እንድንወስድ፣ «ጎናዊ ቁጥር» ዋና መግቢያ ቃል እንዲሆን፣ «ምናባዊ ቁጥር» ደግሞ «ጎናዊ ቁጥርን ተመልከት» ተብሎ እንዲገባ ሐሳብ እናቀርባለን። ከውጭ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው በዚህኛው ገብቶ ወደዚያኛው ይደርሳል። ቀጥተኛውና ጎናዊው ሲደመሩ የሚገኘውም በተለምዶ «ውስብስብ ቁጥር» ይባላል፤ ይህም ሌላ ስሕተት ነው። ጋውስ የመረጠው የላቲን ቃል «የተያያዘ» ማለት እንጂ «አስቸጋሪ» ማለት አልነበረም። ሰዋስዋችን «ጥምር ቃል» ይላል፤ «ጥምር ቁጥር» ማለት ምን ይከለክላል?

አንድ የሒሳብ ባልደረባችን «ጎን» በጂኦሜትሪ የሦስት ማእዘንና የአራት ማእዘን ድንበር ስም ሆኖ ስለ ተያዘ «ጎናዊ» ያደናግራል ብሎ ተቃውሟል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። እኛ የምንመልሰው የመስመር ጎንና የቁጥር ጎን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚገናኙት አልፎ አልፎ መሆኑን ነው፤ «የለም» የሚለው ግን በየገጹ ያሳስታል። የዴካርት «እውነተኛ» የሚለው ሌላው ስም ምን ይባል ለሚለው ጥያቄ ገና መልስ አልሰጠንም። «እውነተኛ ቁጥር» ከተባለ ሌላው በግድ ሐሰተኛ ይሆናል፤ «ነባራዊ»ም ያው ነው፤ «ቀጥተኛ ቁጥር» ከ«ጎናዊ» ጋር ቢስማማም ሒሳብ ሌላ ነገርን ቀጥተኛ ይላል። በረቂቁ ላይ ለጊዜው «ዜሮ ዲግሪ»ና «ጎናዊ ክፍል» የሚሉት ገብተዋል፤ በሌላው ቦታ ተርጓሚው ባዶ መስመር ትቶልናል።